ሐኪሙ ምን ጠየቀህ?

ባለፈው ማክሰኞ ከክፍል ስወጣ፣ በግቢያችን በር ላይ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ አንድ ወጣት ካርድ ሲያድል አገኘሁት። በከተማው አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ ካርድ ነው። ወፍራምና ለስላሳ ወረቀት፤ በአንድ በኩል የማሽን ፎቶ፣ በሌላው በኩል «ታማሚ ይዞ ለሚመጣ የምስጋና ስጦታ አለን» የሚል ጽሑፍ። ወጣቱ ካርዱን ሲሰጠኝ ክብደቱን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው እየቀያየረ ነበር። አመስግኜ ተቀበልኩትና ጥቂት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። ጣቶቼ ያን ዓይነት ወረቀት ያውቁታል።

የሕክምና ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትዝታ ለመጻፍ ዕድሜዬ ገና መሆኑን አውቃለሁ፤ የምነግራችሁም ከአሥረኛ ክፍል ወደ አሥራ አንደኛ ባለፍኩበት ክረምት የሆነውን ነው። ነገር ግን ያኔ የነበርኩትን እኔን፣ ትዕግሥትን፣ ሳስባት እንደ ታናሽ እኅት ነው የማያት። አንዳንዴ አዝንላታለሁ፤ አንዳንዴም ጆሮዋን ቆንጠጥ ባደርጋት ደስ ይለኛል።

አባቴ ቄስ ናቸው። ቤታችን ከቀሐ ወንዝ ወዲህ፣ ከሚያገለግሉበት ደብር አጥር ሥር ነው። የንስሐ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው፤ የከተማም የደጋም ሰው አለባቸው። በእኛ አገር ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያማክረው የነፍስ አባቱን ነው። «አባ፣ ጠበል ልግባ ወይስ ሐኪም ልይ?» ይላል። አባቴም ዓይኑን አይተው፣ ግንባሩን ዳስሰው፣ «ጠበሉን እየጠጣህ ሐኪምም እይ» ይሉታል። «ወደየትኛው?» ሲላቸው የሚያውቁትን ይነግሩታል። ይህን ማንም እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሮት አያውቅም ነበር፤ ዶክተር አንተነህ ቤታችን እስኪመጣ ድረስ።

ከቤታችን ቁልቁል ወርዶ አስፋልቱ ላይ ሁለት ክሊኒኮች ፊት ለፊት ይተያያሉ። መጀመሪያ የነበረው የዶክተር አንተነህ ብቻ ነው። በኋላ ዶክተር ሰብለ ከማዶ ከፈተች። የሰፈሩ ሰው እንዴት እንደተደሰተ! እሷ ቅዳሜ ከሰዓት መሥራት ስትጀምር እሱ እሑድንም ጨመረ። እሱ የካርድ ዋጋ ሲቀንስ እሷ ለነፍሰ ጡሮች ካርዱን በነፃ አደረገችው። እሷ በረንዳዋ ላይ አግዳሚ ወንበር ስታስቀምጥ እሱ ወንበሩን ስፖንጅ አስለበሰው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች «ሁለት ሐኪም ሲፎካከር በሽተኛ ይድናል» እያሉ ይስቁ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ እስከዚህ ድረስ ፉክክሩ ሸጋ ነበር። ከዚያ ዶክተር አንተነህ በብድር የአልትራሳውንድ ማሽን ገዛ።

ቤታችን የመጣው ሐምሌ ውስጥ ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ወንፊት ሲያንጠባጥብ ውሎ ነበር። ጃንጥላውን አጥፎ በራችን ላይ አቆመ፣ ጫማውን ደፉ ላይ ጠረገ፣ መስቀል ተሳለመና ተቀመጠ። እናቴ የበቆሎ እሸት ጠብሳ አቀረበችለት፤ እየፈለፈለ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ተጫወተ።

«አባ፣ የቆሎ ተማሪዎቹ ጎጆ ያፈሳል ሲሉ ሰማሁ» አለ በመጨረሻ።

«ያፈሳል ልጄ። ትላንት ዳዊታቸውን ጭምር አርሶባቸዋል» አሉ አባቴ።

«እኔ ደግሞ ለደብሩ አሥራት አውጥቼ አላውቅም። እርስዎ ከሚልኳቸው ሰዎች ከማገኘው ላይ አሥራቱን ለጎጆው ቆርቆሮ ላውጣ። የማን ሰው እንደሆኑ እንዳውቅ ብቻ ይህን ይስጧቸው።» ከቦርሳው አንድ እስር ካርድ አወጣ። ወፍራምና ለስላሳ።

ልብ በሉ፤ እኛ ቤት ደላላ ሲባል የምናውቀው የቤትና የከብት ደላላ ነው። ሕመምተኛ ላመጣ ሰው ይከፈላል ብሎ ማን ያስባል? አባቴ የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተማረ ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በዝናብ ቤታቸው ድረስ መጥቶ አሥራት ላውጣ አለ። ተነሥተው ረጅም ምርቃት መረቁት። ዶክተር አንተነህም ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» ሲል የምሩን ይመስል ነበር። አሁንም ቢሆን የምሩን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሰው ለራሱ የነገረውን ቶሎ ያምናል።

ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ዞረ። «ሐኪም መሆን ትፈልጊያለሽ አሉ። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣሽ ሥራውን እዪ። ነጭ ጋውን አሰፋልሻለሁ።»

ያን ዕለት እራት መብላቴን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ካርዱን የማድለው እኔ ሆንኩ። ቅዳሴ ሲያልቅ ከአባቴ ጎን ቆሜ፣ ሐኪም እዩ ያሏቸውን ሰዎች ስምና ዕድሜ በተቻለኝ መጠን ባማረ ጽሕፈት ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፣ መንገድ የማያውቁትን ይዤ እወርዳለሁ፣ ጋውኔን ለብሼ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ሁሉም ወደ ማሽኑ ክፍል ይገቡ ነበር። ጉሮሮውን ያመመው ሰው ሆዱ ላይ ያ ቀዝቃዛ ቅባት ሲደረግለት አይቻለሁ። ታዲያ ያኔ በልቤ ያልኩት «እንዴት ያለ ጥንቁቅ ሐኪም ነው!» ነበር። ሐምሌ ሳያልቅ የጎጆው ግማሽ ቆርቆሮ ለበሰ። ቆሎ ተማሪዎቹ ዝናቡ ሲመታው ድምፁ ከመምህራቸው ቁጣ ይበልጣል እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታም ተያዘ። በሳምንቱ አያ ታፈረ መጡ።

አያ ታፈረ ከደባርቅ አልፎ፣ መንገዱ ወደ አዲ አርቃይ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ባለው ደጋ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የአባቴ የንስሐ ልጅ የሆኑት እኔ ሳልወለድ ነው። ክረምት ክረምት ያ አገር ጉም ስለሚውጠው ሰው ከብቱን በድምፅ ነው የሚለየው ይላሉ። ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ ከብዷል፤ አንድ እጃቸውን ከሆዳቸው አላነሡትም። በሌላው እጃቸው ግን ለእናቴ የገብስ ቆሎ ይዘው ነበር።

«ይፍቱኝ አባ» ብለው መስቀል ተሳለሙ። «ሆዴ ውስጥ እሳት የሚያነድ ሰው ገብቷል። ሲያነድ ይውላል፣ ኪራይ እንኳ አይከፍል።»

አባቴ ስቀው ወደ እኔ ተመለከቱ። ካርዱን ጻፍኩና ይዣቸው ወረድኩ። ሦስት ቀን ተመላለስን። ደም ተሰጠ፣ ሰገራ ተሰጠ፣ ማሽኑ ሥር ተተኛ፣ መርፌ ተወጋ። እሳቱ አልጠፋም። በሦስተኛው ቀን ዶክተር አንተነህ በማሽኑ ደግሞ መታየት እንዳለባቸው፣ ከዚያም የአሥር ቀን መርፌ እንደሚጀመር ነገራቸው። ስንወጣ አያ ታፈረ በረንዳው ላይ ቆመው ዝናቡን ተመለከቱ።

«እንግዲህ ቦራን መሸጤ ነው» አሉ።

ቦራ ግንባሩ ነጭ የሆነው በሬያቸው ነው። ሌላው ዳልቻ ይባላል። ባለ አንድ በሬ ገበሬ በሬውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር እያቀናጀ፣ የባለቤቱን ፈቃድ እየጠበቀ፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው የሚያርሰው። ይህን እሳቸው አላብራሩልኝም፤ ከፊታቸው ላይ ነው ያነበብኩት።

«ይድናሉ እኮ አያ» አልኳቸው።

በማግሥቱ ስንሄድ መብራት የለም። ዶክተር አንተነህ ማሽኑ ያለ መብራት እንደማይሠራ ነግሮን ነገ ኑ አለን። አያ ታፈረ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ወደ ማዶ አዩ። የዶክተር ሰብለ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንድም ሰው አልተሰለፈም።

«ያቺ ሴትዮስ ያለ መብራት አታይም?» አሉኝ።

«አያ፣ እኛ እኮ የዚህኛው ነን።»

«ምነው? ሐኪምም እንደ ደብር አጥቢያ አለው?»

ጋውኔን አውልቄ አጣጠፍኩና ነጠላዬ ሥር ደበቅኩት። አስፋልቱን ስንሻገር ከኋላዬ የሚያየኝ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። መስኮቱ እንዳያየኝ በአያ ታፈረ ጋቢ ተከልዬ ነው የተሻገርኩት።

ዶክተር ሰብለ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎተተችና አያ ታፈረን ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። መቼ ጀመረዎ? በየትኛው ሰዓት ይብሳል? ሲተኙስ? ሥራዎ ምንድን ነው? አያ ታፈረ መጀመሪያ በአጭሩ፣ በኋላ እየተመቻቸው በረጅሙ መለሱ። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ውርጩ፣ ጎርፍ ስለናደው የእርከን ካብ ነገሯት።

«ሲቀመጡ ወገብዎን ያዝ አደረጉት» አለች። «ያምዎታል?»

«ካቡን ከካብኩ ወዲህ አዎን። ለሱ ግን መድኃኒት አለኝ፤ ሸጋ መድኃኒት ነው።» ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ከገበያ የገዟቸውን ክኒኖች አሳዩዋት።

«መቼ ነው የሚውጡት?»

«ጠዋት፣ ከቅዳሴ በፊት። እንዲያው ቀኑን ሙሉ ያቆመኛል።»

«ምግብስ?»

«ፍልሰታ አይደል ልጄ! ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነዋ።»

«ክኒኑስ ታዲያ ጾም አይሽርም?»

አያ ታፈረ ቀና አሉ። የሚኮሩበትን ነገር ነው የጠየቀቻቸው። «እኔ ሞኝ መሰልኩሽ? ደረቁን ነው የምውጠው። ጠብታ ውኃ አልነካም!»

ዶክተር ሰብለ ሳቋ አመለጣት።

«አያ» አለች፣ «ይህ ክኒን በባዶ ሆድ ሲዋጥ ፍም እንደ መዋጥ ነው። እሳቱን የሚያነደው ሰው እርስዎ ነዎት።»

ክኒኑን እንዲተዉ፣ የጨጓራ መድኃኒት እንዲወስዱ፣ ጠዋት ጠዋት ሳያስታጉሉ እንዲበሉ ነገረቻቸው። ካልተሻላቸው ወደ ትልቁ ሆስፒታል በፍጥነት እንደምትልካቸውም ጨመረች። አያ ታፈረ እስከ መድኃኒቱ ድረስ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቆይተው ጠዋት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኸማ አይሆንም። ጾም ከምገድፍ በሬዬን ሸጬ መርፌውን እወጋለሁ።»

ብትለምናቸውም እምቢ አሉ። በመጨረሻ «የነፍስ አባትዎ ማን ናቸው?» አለቻቸው። በአገጫቸው እኔን አመለከቱ። «የዚች አባት።»

ዶክተር ሰብለ ወረቀት ሳበችና ጻፈች። አጥፋ ለእኔ ስትሰጠኝ ነጠላዬ ሥር ያለውን ነጭ ጨርቅ አየችው። ፊቴ ጋለ።

«አትፍሪ» አለችኝ ቀስ ብላ። መሳቢያዋን ከፍታ አንድ እስር ካርድ አሳየችኝ፤ ገና ያልተፈታ። «እኔም ወደ አባትሽ ልመጣ ነበር። አንተነህ ቀደመኝ። አሁን ማሽን ስለሌለኝ እጠይቃለሁ። ሲኖረኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።»

አንድ ትልቅ ሰው ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቤት ስንመለስ አባቴ ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን አነበቡት። እንዲህ ይላል፦ «ይድረስ ለአባ። ለአያ ታፈረ የታዘዘ መድኃኒት፦ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ፣ ለስድስት ሳምንት። ይህን እኔ ማዘዝ እንጂ መስጠት አልችልም። ያለው በእርስዎ እጅ ነው።»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን ደግመው አነበቡት።

«ታፈረ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት አጥሚት ትጠጣለህ።»

«አባ፣ ጾሙስ?»

«የጎደለህን እኔ እጾምልሃለሁ። አንተ ቦራህን ይዘህ እረስ።»

አያ ታፈረ ጎንበስ ብለው የአባቴን ጉልበት ሳሙ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተነህ ሦስት ቀን ሲያየው ምን ጠየቀው?»

አሰብኩ። ከሥር ከሥሩ ነበርኩ፤ መርሳት አልችልም። «ስማቸውንና ዕድሜያቸውን» አልኩ። እሱንም እኔ ካርዱ ላይ ጽፌው ነበር።

«ሌሎቹንስ?»

ስለ ሌሎቹም የማስታውሰው ይህንኑ ነው። አባቴ ቀሪዎቹን ካርዶች ከመደርደሪያው አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

በማግሥቱ ተያይዘን ወረድን። አባቴ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ተራ ይዘው ስፖንጅ የለበሰው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰዎች ቦታ ሊለቁላቸው ቢሉም እምቢ አሉ። ተራቸው ሲደርስ ካርዶቹን በዶክተር አንተነህ ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

«ልጄ፣ አሥራት የሚወጣው ሰው ካገኘው በረከት ነው። ይህ ግን ከታፈረ ሆድ ሊወጣ ነበር። ቆርቆሮውን ነቅዬ አልመልስልህም፤ ልጆቹ ይረጥቡብኛል። ከእንግዲህ ግን አይሁን።»

ዶክተር አንተነህ ሊቆጣ የነበረ ይመስለኛል። ነገር ግን ትከሻው ወረደ። «አባ፣ ማሽኑ ብድር አለበት» አለ። «በሽተኛ ቢመጣም ባይመጣም ወሩ ይመጣል። ከማዶ ደግሞ ሰብለ አለች። እኔ ቆሜ ብጠይቅ አንዱን ሳይ ሦስቱ ይሻገራሉ። ምን ላድርግ?»

«ስለ ማሽን አላውቅም» አሉ አባቴ። «ስለ ንስሐ ግን አውቃለሁ። ሰው ምን እንደሠራ ሳልጠይቀው ስግደት ባዝዝበት፣ እኔ ምን ቄስ ነኝ?»

እኔ ጋውኔን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። እጥፋቱን አስተካክዬ፣ አንገትጌውን ወደ ላይ አድርጌ። እስከ ቤታችን ዳገት አለቀስኩ። ለሰዎቹ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ለጋውኑ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ አባቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ለንስሐ ልጆቻቸው ተናገሩ። የማንንም ስም አላነሡም። «ወደ ፈለጋችሁት ሐኪም ሂዱ» አሉ። «ስትመለሱ ግን ለእኔ አንድ ነገር ትነግሩኛላችሁ። ሐኪሙ ምን ጠየቀህ?»

ይህች ቃል እንዴት እንደዞረች እኔም ገርሞኛል። ሰው ከሐኪም ሲመለስ ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ ማገዶ የምትሸጠዋ ሳትቀር «ምን ጠየቀህ?» ማለት ጀመሩ። ብዙ የተጠየቀ ሰው እንደ ተሾመ ይንጎማለል ነበር። ስም ብቻ ተጠይቆ የመጣ ሰው ያፍራል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ወደ ማዶ ይሻገራል። መስከረም አጋማሽ ላይ እትዬ ዘነበች ከዶክተር አንተነህ ዘንድ ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው ጮኹ፦ «እኔንማ ስለ ድመቴ ሳይቀር ጠየቀኝ! የሚያስነጥሰኝ የሷ ፀጉር ነው ይላል!»

ሁለቱ ሐኪሞች መፎካከራቸውን አልተዉም። የሚፎካከሩበት ነገር ግን ተቀየረ። ዶክተር ሰብለም ማሽን በእውነት የሚያስፈልገውን ሰው ያለ ካርድ፣ ያለ ስጦታ ወደ ማዶ ትልክለት ጀመር። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ዛሬም መናኸሪያው አጠገብ ሕመምተኛን በእጁ የሚጎትት ደላላ አለ። ዶክተር አንተነህም ብድሩ ሲያስጨንቀው ጉሮሮ ያመመውን ሰው ሆድ እንዳየ እሰማለሁ። ያኔ ሰውዬው ወጥቶ ይናገርበታል።

ኅዳር ላይ አንድ አውቶቡስ ሰፈራችን መጥቶ ሲቆም ጣሪያው ላይ ክምር የጫነ መሰለኝ። ጓሳ ነበር፤ በደጋው ቤት የሚከደንበት ሣር። አያ ታፈረ ከላዩ ላይ በገመድ አስረው አምጥተውታል።

«የጎጆው ግማሽ ቀርቷል አሉኝ» አሉ እየወረዱ፤ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አላየሁትም። «ቆርቆሮ እንኳ አላመጣሁም። ቦራ ነው የላከው በሉ።»

ጎጆው ዛሬም ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ጓሳ ነው። ቆሎ ተማሪዎቹ ሲዘንብ በጓሳው በኩል ያጠናሉ፤ ጸጥ ይላል።

ለሕክምና ማለፌን ለመንገር አያ ታፈረ ዘንድ ስደውል፣ በጎረቤት ስልክ፣ መጀመሪያ እልል አሉ። ቀጥለውም «ምን ጠየቁሽ ታዲያ?» አሉኝ። ስለ ሒሳብ፣ ስለ ፊዚክስ አልኳቸው። «ስለ ሰው ሳይጠይቁሽ?» ብለው በጣም ቅር አላቸው።

ባለፈው ማክሰኞ እነዚህን ሁሉ እያሰብኩ ካርዱን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። አስተማሪያችን በዚያው ቀን እንደነገሩን እውነተኛ ሕመምተኛ ፊት የምንቀመጠው ገና ከዓመታት በኋላ ነው። ማሽን የምገዛበት ብድር የሚያስጨንቀኝ ቀንም ይመጣ ይሆናል፤ ያን ቀን ምን እንደምሆን እኔም እንደ ዶክተር ሰብለ አላውቅም። ስለዚህ ከአሁኑ ልልመደው ብዬ ተመለስኩ።

«ይቅርታ» አልኩት ካርድ የሚያድለውን ወጣት። «እግርህን ምን ሆነህ ነው?»

ደነገጠ። «ኧረ ምንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ትንሽ አየኝና ሳቀ። «ከሰኞ። ለሥራው ብለው የሰጡኝ ጫማ ነው፤ ጠበበኝ። ማንም አልጠየቀኝም እኮ፣ አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ።»

«ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም። ጥሩ ጫማ ነው እኮ፣ በነፃ ነው የሰጡኝ።»

አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ አብረን ተቀመጥን። ጫማውን አወለቀ፤ ተረከዙ ተልጦ ቀልቷል። ንጹሕ መሐረቤን ሰጠሁትና እንዴት እንደሚያስረው አሳየሁት።